የሦስተኛው ቀን ጉብኝት

ሰኔ 24

ይህ ደብተር ለወባ መመዝገቢያ ተብሎ የመጣ ነው። በዚህ ደጋ ላይ ወባ የለም፤ ደብተሩ ግን አለ። ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከርሟልና ለራሴ ወሰድሁት። ባልደረባዬ ልዕልት ለመውለድ ንፋስ መውጫ እናቷ ዘንድ ከገባች ወዲህ በዚህ ጤና ኬላ ውስጥ የምተነፍስለት ሰው የለኝም። ዘበኛችን ጋሽ ገብሬ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ከዝናብና ከጉልበታቸው ሕመም ሌላ ወሬ የላቸውም።

ዛሬ የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ ነበር። አሥራ አንድ ሴቶች መጡ። አሻንጉሊቷን አወጣሁ። ከአሮጌ ነጠላ እኔው ሰፍቼ ገለባ የሞላሁባት ናት፤ ሴቶቹ በስሜ «የውባለም ልጅ» እያሉ ይስቁብኛል። ባል የለሽም ማለታቸው ነው። ሕፃን ሲተኛ በጀርባው ይተኛ፣ በጎኑ ይንከባለላል፣ በሆዱ አፍንጫው ይታፈናል፣ ፊቱን አትሸፍኑት አልኋቸው። ሁልጊዜ የምለውን ነው።

እትዬ ተሾመች ምራታቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ነፍሰ ጡሯ ምራታቸው ብትሆንም ለመናገር የቀደሙት እሳቸው ናቸው።

«በጀርባው የተኛ ልጅ ጭንቅላቱ ይጠፈጠፋል። ወተቱም ሲመለስበት ያንቀዋል። እኔ ሰባቱንም በሆዳቸው ነው ያሳደግሁ።»

ከሰባቱ ስንቱ ቀረልዎ ልል ከአፌ መለስሁት። መልሱን አውቀዋለሁ፤ በመዝገቤ ላይ ሦስት ነው።

ምራቲቱ ደጊቱ ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሁሉም ሲስቅ እሷ ተነሥታ አሻንጉሊቷን ከእጄ ወሰደች፤ በጀርባዋ አጋደመቻትና ጨርቁን ከፊቷ ገልጣ እስከ ደረቷ ብቻ አለበሰቻት። «እንዲህ?» አለችኝ። እንዲህ አልኋት። ከአሥራ አንዱ አንዷ ሰማችኝ፤ በዚህ ቀበሌ ይህ ብዙ ነው።

ሰኔ 29

ደጊቱ ትናንት ወለደች፤ ወንድ። ቤቷ ነው የወለደችው። አምቡላንሱ ጭቃው ላይ ቆሞ ቀረ። ደህና ናት አሉ። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 1

ሦስተኛ ቀኗ። በሦስተኛው ቀን ቤት ድረስ መሄድ አለብኝ፤ ልጁ እንዴት እንደሚጠባ፣ እትብቱን፣ የት እንዴት እንደሚተኛ ለማየት። እስከ መሻገሪያው ወረድሁ። ወንዙ ደፍርሷል። ሁለት ሰዎች በሬ እየነዱ ሲሻገሩ አይቻለሁ፤ እነሱ ግን ወንዶች ናቸው፣ ወንዙንም ያውቁታል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ትንሽ ቆምሁ። ተመለስሁ።

ሐምሌ 5

ሰባተኛ ቀኗ። የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው፤ ማንም ሥራ አይሠራም። ዝናብ።

ሐምሌ 14

ተቆጣጣሪያችን ሙሉቀን ደወለ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ እሱ ግን አልተቋረጠም። በወለዱ እናቶች ጉብኝት ቀበሌሽ ቀይ ሆኗል አለኝ። እሱ ዘንድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የሠራ ቀበሌ በአረንጓዴ፣ ያልሠራ በቀይ ይቀባል።

«ወንዙ ሞልቷል» አልሁት።

«ወንዙን ሪፖርት አላደርግም፤ አንቺን ነው የማደርግ።»

አራት እናቶች አሉብኝ። በሦስተኛውም በሰባተኛውም ቀን ሣጥን ላይ የትክክል ምልክት አደረግሁ። «ስለ ሕፃን አተኛኘት ትምህርት ተሰጥቷል» የሚለውም ላይ። ውሸት አይደለም፤ አራቱም በስብሰባው ሰምተዋል። ደጊቱማ በእጇ ጭምር አሳይታኛለች። ቦታው ብቻ ነው የተለየው። ፈረምሁ።

ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ሐምሌ 26

ቅዳሜ። በችኮላ።

ሰኞ በወረዳው ከተማ ወገዳ ስብሰባ አለ። መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው። የጭነት መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ነው፤ ጋቢና አንድ ቦታ ቀርታለች። የደጊቱ ባል ደምሌ ከሰው መሃል ወጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ልጁ ሁለት ሌሊት አልቅሶ አነጋ፤ ሆዱን ነው፤ እናቱም አልቃለች፤ ምን እናድርገው አለኝ። መለስሁለት። ጋቢናዋን አገኘኋት።

ሐምሌ 28

ወገዳ። ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ዝናብ ያፈስሳል። ቀበሌያችን ከጉድኝቱ ቀበሌዎች አንደኛ ወጣ። አረንጓዴ። ወረቀት ሰጡኝ፤ ስሜ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሙሉቀን አጨበጨበልኝ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሐምሌ 30

መኪና ስላልነበረ ግማሹን መንገድ በእግሬ መጣሁ። ጋሽ ገብሬ በሩ ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ሳይሉ ነው የነገሩኝ።

«የደምሌ ልጅ ትናንት ጧት ሞቶ አገኙት። ተጭናው ነው አሉ።»

ዕቃዬን አላወረድሁም። ከነቦርሳዬ ወረድሁና ወንዙን ተሻገርሁት። ውሃው ጉልበቴ ጋ ነበር። ሐምሌ 1 ቀንም ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም ይሆናል። አላውቅም፤ ያኔ አልገባሁበትም።

ቀብረውት ነበር። ክርስትና ሊነሣ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበርና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሩት፤ ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የተቀመጠለት የለ። አርባ ቀን ያልሞላው ልጅ ስም እንኳ የለው። ደጊቱ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጡቷ አጊቶ ቀሚሷን አርሶታል። ላያት ጎንበስ አልሁ፤ ምን እንደምላት አላውቅም ነበርና እንዴት አገኘሽው አልኋት።

«በጀርባው ነበር ያስተኛሁት፤ እንዳስተማርሽን። ጧት ስነቃ በሆዱ ነው። ፊቱ ቁርበቱ ላይ ተደፍቷል። ቀዝቅዟል። የወር ልጅ ራሱን አይገለብጥም። እኔ ነኝ የገለበጥሁት። አራት ሌሊት አልተኛሁም ነበር፤ አምስተኛውን እንደ ግንድ ተኛሁ። ተጫንሁት።»

እትዬ ተሾመች ከጓዳ ሆነው፣ «ድሮም እንቅልፏ የከበደ ነው። እያልኋት ነበር» አሉ።

ደምሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ በሬዎቹን ለማሰር ወጣ፤ በሬዎቹ ግን ታስረው ነበር፤ ስገባ አይቻቸዋለሁ።

አጽናኝ ቃል ተናግሬ ወጣሁ። ምን እንዳልሁ አሁን አላስታውስም። ሰው ሁሉ የሚለውን ይሆናል።

ነሐሴ 3

ሙሉቀን በሞተር መጣ። የሕፃን ሞት ከተመዘገበ መጥቶ ማጣራት ግዴታው ነው። መዝገቡን ገለበጠ። ሦስተኛ ቀን፣ ምልክት። ሰባተኛ ቀን፣ ምልክት። ትምህርት ተሰጥቷል፣ ምልክት። ፊቱ በራ።

«በቃ፣ አንቺ ነፃ ነሽ። ሁሉንም አድርገሻል። እናትዮዋ ናት የተዘናጋችው።»

መዝገቡን ይዞ ሄዶ ለቀበሌው ሽማግሌዎች ጭምር አነበበላቸው። ሰዎች ጤና ኬላውን እንዳይወቅሱ ነው አለኝ። ሲመለስ ሻይ አፈላሁለት።

ነሐሴ 5

ቦኖው ላይ ጀሪካኔን ይዤ ወረፋ ቆምሁ። ሁለት ሴቶች ከፊቴ አሉ። አንዷ ከስብሰባው አሥራ አንድ ሴቶች ውስጥ ነበረች።

«ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ቤቷ ድረስ ሄዳ መክራታለች አሉ። መዝገብ ላይ አለ አሉ።»

«ታዲያ ለእንቅልፋም ምክር ምን ያደርግላታል።»

ዞር ብለው ሲያዩኝ አፈሩ። ከፊታቸው አስቀደሙኝ። ጀሪካኔን ሞልቼ ሄድሁ።

ነሐሴ 7

ዛሬ ክርስትና የሚነሣበት ቀን ነበር።

ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ደጊቱ ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ሰው ጫማ ከሚያወልቅበት ወዲያ፣ ብቻዋን ቆማ ትሰግዳለች። ጭቃ ነው። ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። የንስሐ አባቷ መምሬ ይስሐቅ ቀኖና ሰጥተዋታል፤ ልጇን የተጫነች እናት የሚሰጣትን። ንስሐ ምስጢር ነው ይባላል። ምስጢሩ በር ላይ ቆሞ ሲሰግድ ግን ሕፃን እንኳ ያነበዋል። ገቢው ሁሉ ቅጥሩን ተሳልሞ እሷን በግማሽ ዓይኑ አይቶ ያልፋል።

እኔም አለፍሁ። ቅዳሴውን ውስጥ ሆኜ አስቀደስሁ። እሷ ውጭ፣ እኔ ውስጥ።

በስብሰባው በጀርባው ነው ያልሁት። ለሁሉም ነው ያልሁት። አሥራ አንድ ምስክር አለኝ።

ነሐሴ 9

ደምሌ መጣ። ራሱን እንደሚያመው ተናግሮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አንድ ፍሬ ክኒን ሰጠሁት። አልዋጠውም፤ በጣቶቹ መሃል ያሽከረክረው ጀመር።

«ሰኞ ሌሊት አለቀሰ» አለ። «እሷ እንደ ሞተ ሰው ተኝታለች፤ አልቀሰቀስኋትም፤ አሳዘነችኝ። አነሣሁትና እንዳልሽኝ አደረግሁት። ዝም አለ። ደስ አለኝ። ሐኪሟ እውነቷን ነው አልሁ። ተኛሁ።»

«ለማን ነገርህ?»

«ለማን እነግራለሁ? እናቴ ብትሰማ ትሞታለች። ሰባቱን በሆዳቸው አሳደግሁ ስትል ነው የኖረች።»

«ለደጊቱስ?»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንቺስ?» አለኝ።

የመድኃኒቱን ቆርቆሮ ከደንሁ። ፍሬውን ኪሱ ከቶ ሄደ። አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ተስማማን ማለት ነው።

እኔ ግን «በሆዱ» አልሁት እንጂ «አስተኙት» አላልሁትም። ነቅቶ ሳለ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው እያየው ማለቴ ነው። ይህን ሁሉ ለመናገር ጊዜ አልነበረም። የገባው እንደገባው ነው።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ችቦ አበሩ። ማዶ ያለው የደምሌ ቤት ብቻ ጨለማ ነው።

ነሐሴ 18

ፍልሰታ ከትናንት ወዲያ ተፈታ። ቅቤ የገባበት ነገር ከአንድ ቤት ላኩልኝ፤ አልበላሁትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መመሪያውን አውጥቼ አነበብሁ፤ ገጹ ሳይገለጥ የከረመ ነው፣ ይንኮሻኮሻል። እንዲህ ያለ የሕፃን ሞት መንስኤው በእያንዳንዱ ጊዜ በእርግጠኝነት ሊታወቅ አይችልም ይላል። አረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እንዴት የሚመች አረፍተ ነገር ነው። ሰው ጋቢ አድርጎ ሊለብሰው ይችላል።

ቀጥሎ ያለው አይመችም። ሕፃን በሆዱ ሲተኛ አደጋው ይበዛል ይላል። ይበልጥ የሚበዛው ደግሞ በጀርባው መተኛት የለመደው ልጅ አንድ ቀን በሆዱ ሲያድር ነው ይላል። ደጊቱ ሠላሳ ሌሊት በጀርባው አስለመደችው። በሠላሳ አንደኛው እኔና ደምሌ ገለበጥነው።

እዚህ ላይ እንኳ ካልጻፍሁት የት ልጽፈው ነው። ለደምሌ ያልሁት እንዲህ ነው፦ «በሆዱ አስተኙት፤ ይለቀዋል።» ሦስት ቃል። «አስተኙት» ብያለሁ። ክንዴ እጁ ውስጥ እያለ፣ ዓይኔ ጋቢናዋ ላይ ሆኖ። ሌላ ሴት በሩን ልትይዝ ስትል እያየሁ ነበር። ከየት አመጣሁት? እናቴ ለታናሽ ወንድሜ እንዲያ ስታደርግ አይቻለሁ። አራት ዓመት የተማርሁት ሁሉ ተኖ የእናቴ እጅ ነው የመጣልኝ። እትዬ ተሾመች ላይ ስስቅ ነበር። እኔና እሳቸው አንድ ነን፤ እሳቸው ግን የመንግሥት ፊርማ የላቸውም።

ማለት የነበረብኝ ይህ ነው፦ ትከሻችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ እስኪያገሳ ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጉት፣ ከዚያ በጀርባው አስተኙት። አሁን በሰዓት ለካሁት። ለመናገር የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

በሦስተኛው ቀን ሄጄ ቢሆን ይህንኑ ነበር የማሳያት። መመሪያው ላይ «የሚያለቅስ ሕፃን» የሚል ርዕስ ነው፤ የሦስተኛው ቀን ትምህርት ነው።

ነሐሴ 24

እትዬ ተሾመች ምራታቸውን አልፈልግም አሉ። «በልጅ ልጄ ሬሳ ላይ የተኛች ሴት ምድጃዬ ዳር አትቀመጥም» አሉ አሉ። ጉዳዩ ከመስቀል በኋላ በሽማግሌ ይታያል። ወሬውን ያመጡት ጋሽ ገብሬ ናቸው። ደምሌስ ምን አለ አልኋቸው። ምንም አለማለቱን ነገሩኝ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከቤት ልትወጣ ነው። ከወጣችም ስሟ ይከተላታል፤ ልጇን የበላች ይሏታል፤ ማን ያገባታል፣ ማንስ ልጁን ያሳቅፋታል።

እሄዳለሁ። ነገ መምሬ ይስሐቅ ዘንድ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 25

አልሄድሁም። የክትባት ቀን ነበር።

ነሐሴ 29

አልሄድሁም።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ሰው ሁሉ ዝናቡን ይጠመቃል። መምሬ ይስሐቅን ከቅዳሴ በኋላ ከዕቃ ቤቱ ጥግ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምሁና ሳላቋርጥ ተናገርሁ፤ ቅዳሜውን፣ ጋቢናዋን፣ ሦስቱን ቃል።

አዳመጡኝ። ከዚያ ራሴን ዳሰስ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ርኅሩኅ ነሽ። ሸክሟን ልታግዣት ብለሽ ነው።»

«አይደለም አባ። እኔ ነኝ ያልሁት። እሱ ነው የገለበጠው። እሷ በጀርባው ነው ያስተኛችው።»

«ከሷ የሰማሁትን አልነግርሽም። ቀኖና ግን ቅጣት እንዳይመስልሽ፤ መድኃኒት ነው።»

«ላልታመመችው ሕመም ነው የጠጣችው አባ። ሕመሙ እኔ ዘንድ ነው።»

ዝናቡ ጥምጥማቸውን አርሶት ነበር። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር።

«ይህን በሽማግሌ ፊት ቆመሽ ትደግሚዋለሽ?»

«እደግመዋለሁ።»

«እንግዲያ በዚያ ቀን አትቅሪ። እኔ የምፈራው የምትይውን አይደለም፤ መዘግየትሽን ነው።»

እኔ የዘገየሁት ስንት ቀን እንደሆነ ቆጠርሁት። ሠላሳ ሦስት ቀን ነው። በእነዚህ ሁሉ ቀናት እሷ ጭቃ ላይ ነበረች።

መስከረም 1

ልጆች አደይ ይዘው መጡ። አበባየሆሽ አሉኝ። ተቀበልኋቸው።

መስከረም 12

ሙሉቀን ደወለ። በሽማግሌ ፊት ልናገር መሆኔን ሰምቷል። «እዚያ ሄደሽ እንዳትቀባጥሪ። አልሄድሁም ካልሽ መዝገብ ማጭበርበር ነው። እኔንም ይዘሽኝ ነው የምትገቢ» አለኝ። ለራሴ የሚያስብልኝ አስመስሎ ነው የተናገረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን እኔ ዘጋሁበት። ጀግንነት አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

መስከረም 19

ሁሉንም ልጻፈው።

ሽማግሌው በቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ጋሽ ወርቅነህ መሃል፣ መምሬ ይስሐቅ በቀኝ፣ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች። የደጊቱ አባት ከታች ጋይንት ከአርብ ገበያ ወዲህ በቅሎ ይዘው መጥተዋል። ደጊቱ ከአባቷ ኋላ መሬት ላይ ናት፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳዋለች። እትዬ ተሾመች ከልጃቸው ጎን።

ተነሥቼ ተናገርሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ቀን ስለማመደው የከረምሁት ነገር ነው። ስጨርስ ጋሽ ወርቅነህ ፈገግ አሉ፤ በክፋት አይደለም።

«ልጄ፣ ያ ተቆጣጣሪያችሁ በነሐሴ መዝገቡን አንብቦልናል። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ድረስ ሄደሻል። በሰባተኛውም ሄደሻል። በጀርባው ይተኛ ብለሽ አስተምረሻል። ፊርማሽ አለበት።»

«አልሄድሁም። ውሸት ነው የጻፍሁት።»

«እንግዲህ ያኔ ዋሽተሽ ዛሬ እውነት እየተናገርሽ ነው ወይስ ያኔ እውነት ጽፈሽ ዛሬ ለሷ አዝነሽ እየዋሸሽ ነው? የቱን እንያዝ?»

ኋላ የቆሙት ሳቁ።

«ደምሌን ጠይቁት» አልሁ።

ጠየቁት። «ሐኪሟ በሆዱ አስተኙት ብላሃለች? አንተስ ልጁን ገልብጠኸዋል?»

ደምሌ ተነሣ። እናቱን አየ። እኔን አላየኝም። ደጊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዋን ከግንባሯ መለስ አድርጋ ቀና አለች፤ አፉን አፉን ታየዋለች።

«መኪናው ይጮህ ነበር» አለ። «ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። ልጁን አልነካሁትም።»

ተቀመጠ።

እትዬ ተሾመች፣ «ሴት ለሴት ታዳላለች፤ ምን ይገርማል» አሉ። መምሬ ይስሐቅ፣ «እኔ አምናታለሁ» አሉ፤ ብቻቸውን። ጋሽ ወርቅነህ፣ እምነት ሌላ ማስረጃ ሌላ ነው፣ መዝገብ ደግሞ የመንግሥት ነው አሉ። ፍቺው ተወሰነ።

ስወጣ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ሳመችኝ። «እንዳንቺ ያለች እህት ለሁሉ ይስጥ» አለችኝ። ሌሎቹም መረቁኝ። እውነቱን ተናግሬ ለደግነቴ ተመረቅሁ። እሷ ምንም ሳትዋሽ እንደ ውሸታም ተፈረደባት። በገዛ እጄ ያደረግሁት ምልክት ነው ያሸነፈኝ።

መስከረም 22

ጧት በሩ ተንኳኳ። ደጊቱ ናት። አባቷ መንገዱ ላይ በቅሎዋን ይዘው ቆመዋል፤ በቅሎዋ ላይ አንዲት ሣጥንና የተጠቀለለ ቁርበት ተጭኗል። ግቢ አልኋት። ገባች፤ አልተቀመጠችም።

«እውነትሽን ነው?» አለችኝ። «በሽማግሌ ፊት ያልሽው።»

«እውነቴን ነው።»

«በሆዱ የገለበጠችው እጅ የእኔ አይደለችም?»

«አይደለችም። አልተጫንሽውም። አንቺ ያልሁሽን ነው ያደረግሽ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትመለከታቸው ጀመር፤ መዳፏን፣ ከዚያ ጀርባውን። ይቅር በይኝ አልኋት። ይቅርታ ልትሰጠኝ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ ለሌላ ነው የመጣች።

«ሆዱን ሲቆርጠው» አለች፤ «ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

አሻንጉሊቷን ከመደርደሪያው አወረድሁ። በእጄ አሳየኋት። ትከሻዬ ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝሁ፣ አንገቷን ደገፍሁ፣ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረግሁ። ሰጠኋት። ትከሻዋ ላይ አደረገቻት። ከሚገባው በላይ ለረጅም ጊዜ ቸብ ቸብ አደረገቻት። ገለባው በቀስታ ይንሿሿል። ከዚያ በጀርባዋ አጋደመቻትና ጨርቁን ከፊቷ ገለጠች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ቀላል ነው» አለች።

አባቷ ከውጭ ጠሯት። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «በሦስተኛው ቀን ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ነበር የዋልሁ። ትመጣለች ብዬ» አለችኝ። ሄደች። ጥምዝምዙን እስኪያልፉ ቆሜ አየኋቸው፤ በቅሎዋ ላይ አልተቀመጠችም፣ በእግሯ ነው የምትሄድ።

መዝገቡን አወጣሁ። የደጊቱን ገጽ ገለጥሁ። ሦስተኛ ቀን፣ ሰረዝሁት፤ «አልሄድሁም» ብዬ ጻፍሁ። ሰባተኛ ቀን፣ ሰረዝሁት፤ «አልሄድሁም»። የሌሎቹን ሦስት እናቶችም እንዲሁ። ፈረምሁ። ሙሉቀን ሰኞ ይመጣል፤ ያንብበው።

ከታች «ትምህርት የተሰጠበት ቀን» የሚል መስመር አለ። መስከረም 22 ብዬ ሞላሁ። ቀጥሎ ያለው መስመር «በዕለቱ የሕፃኑ ዕድሜ» ይላል። ብዕሬን ይዤ እስካሁን ተቀምጫለሁ።